ግማሽ በረኪና፣ ግማሽ ውሃ

«ስህተቱ የኔ አይደለም፤ የረዳቴ ነው። መድኃኒቱን ሳትበርዘው ነው ያቀበለችኝ።»

ቴክላ ይህን የሰማችው በኮምፔንሳቶ በተከፈለችው ጓዳ ውስጥ ቆማ፣ ከእንፋሎት መቀቀያው ያወጣቻቸውን መሣሪያዎች በነጭ ፎጣ ላይ ስትደረድር ነው። ከማዶ ስልክ ይዛ የምትናገረው ዶክተር ኖርሚታ ናት፤ የክሊኒኩ ባለቤት፣ የቴክላ አለቃ፣ ደግሞም የገዛ ታናሽ እህቷ። በዚያ ክሊኒክ ውስጥ ከቴክላ በቀር ረዳት የሚባል ፍጡር የለም። የሰው ስም ሲጠፋ ባለቤቱ ዘንድ የሚደርሰው ዞሮ ዞሮ፣ በሰው በሰው ነው፤ ቴክላ ግን አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆማ፣ በአንድ ቤት ከምትኖር እህቷ አፍ፣ ያውም ቁርስ ሳትቀምስ ሰማችው። የያዘችው የጥርስ መስታወት ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ጮኸ። ከማዶ ንግግሩ ቆመ።

«ማናንግ፣ አንቺ ነሽ?» አለች ኖርሚታ። ታላቅ እህቷን እንደ አገሩ ወግ ማናንግ ነው የምትላት።

«እኔ ነኝ ዶክ። መስታወት ነው የወደቀው።»

«ተሰበረ?»

«አልተሰበረም።»

«ጥሩ» አለች ዶክተሯ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ ስልኳ ተመለሰች። ለመስታወቱ አዘነች እንግዲህ!

ነገሩ የሆነው ትናንት ሰኞ ነው። አርኔል የሚባል የሃያ ስድስት ዓመት መርከበኛ ቅዳሜ ሲንጋፖር ላይ የሚሳፈርበት የጭነት መርከብ እየጠበቀው፣ አንዲት የተበላሸች ጥርስ ብቻ ቀርታው ነበር፤ የላይኛው ግራ ክራንቻው። መርከበኛ የሚቀጥሩት ወኪሎች የታመመ ጥርስ ያለበትን ሰው አያሳፍሩም፤ ባሕር መሐል የጥርስ ሐኪም ከየት ይመጣል? ስለዚህ የኢሎኢሎ ከተማ መርከበኛ ሁሉ ከመሄዱ በፊት እንዲህ ካለ ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ ይተኛል። ሰኞ ዕለት ሦስት እንደ እሱ ያሉ አግዳሚው ላይ ተኮልኩለው ተራ ይጠብቁ ነበር፤ በዚያ ላይ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ መብራት እንደሚጠፋ ተነግሯል። ኖርሚታ የጥርሱን ሥር እንደ ፀጉር በቀጠነ ሞረድ ስትጠርግ ቆይታ፣ የሥሩን ቀጭን ቦይ ከጀርም የሚያጸዳውን ፈሳሽ በስሪንጅ ልትረጭበት መርፌውን አስገባች። መርፌው ቦዩ ውስጥ ላላ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ያኔ የተረጨው ፈሳሽ ተመልሶ ወደ አፍ ይወጣል፣ ቴክላ ደግሞ በመምጠጫው ቱቦ ትስበዋለች። መርፌው ግን ተቀርቅሯል፤ የሚመለስ ፈሳሽ አልነበረም። ቴክላ አየች። «ዶክ፣ ቀስ ይበሉ፣ መርፌው ነክሷል» አለች። ዶክተሯ የግድግዳውን ሰዓት አየችና አውራ ጣቷን ተጫነች። ከዚያ በኋላ የልጁን ጩኸት ከሥር ያለው መድኃኒት ቤት ሳይቀር ሰምቷል። ጉንጩ ዓይናቸው እያየ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ፤ ዓይኑ ተከደነ፤ መብራቱም በሰዓቱ ጠፋ።

ቴክላን ያንገበገባት ግን ውሸቱ ያረፈበት ቦታ ነው። ፈሳሹ በረኪና ነው፣ ልብስ የሚነጣበት በረኪና። ገንዘብ ከተረፋቸው ጥቂት ሐኪሞች በቀር የሰፈር የጥርስ ሐኪም ሁሉ የሚጠቀመው እሱኑ ነው፤ ነገር ግን ታካሚው እንዳይበረግግ ቡናማ ጠርሙስ ውስጥ ይገለበጣል፣ ስሙም «መድኃኒቱ» ነው። የመበረዙ ሥራ የቴክላ ነው። ግማሽ በረኪና፣ ግማሽ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፤ በጠርሙሱ ወገብ ላይ በምላጭ የጫረችው መስመር አለ፣ እስከዚያ በረኪና፣ ከዚያ በላይ ውሃ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየጠዋቱ፣ አንዲት ጠብታ አላዛነፈችም። የጥርስ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም፤ በዚህ ዓለም ላይ እንከን የማይወጣለት ነገር አለኝ ብላ የምትኮራበት ቢኖር ይህ መበረዝ ነው። እህቷ ደግሞ ብዙ የምትለው ነገር እያለ መርጣ የዋሸችው እሱኑ ላይ ነው።

ጠዋቱን ሁለት ሰው ታከመ። ቴክላ መብራቱን አስተካከለች፣ ጥጥ አቀበለች፣ ምራቅ ሳበች፤ እግሯ ግን አንድ ቦታ አልቆም አላት። ከወንበሩ ወደ ማጠቢያው፣ ከማጠቢያው ወደ ጓዳ ትንቆራጠጣለች። ድድ ሊያስጠርግ የመጣው የጂፕኒ፣ የከተማው ታክሲ፣ ሹፌር፣ «ማናንግ፣ ዛሬ ምን ነካዎት? እኔ መንገድ ላይ እንዲህ ብመላለስ በቀን ሁለት ጊዜ ነዳጅ እሞላ ነበር» ብሎ አሾፈባት። ሳቀችለት። ኖርሚታ አልሳቀችም፣ ቀናም አላለችም። ሁለቱ እህቶች በሚተላለፉት መሣሪያ ላይ ጣታቸው ሲነካካ አንዳቸው የሌላኛቸውን ፊት ሳያዩ ሥራው አለቀ። ሹፌሩ እንደወጣ ኖርሚታ ጓንቷን እያወለቀች፣ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀበሌ ተጠርተናል። የልጁ እናት ከስሳናለች» አለች፤ ቀጥላም፣ «በረኪናው እያለቀ ነው አይደል? ሄደሽ ገዝተሽ ነይ» አለች። ቴክላ ጃንጥላዋን አንስታ ወጣች። ቢያንስ አየር ታገኛለች።

በረኪና የምትገዛው ከሰፈሯ አይደለም። ታካሚ ካያት ነገር ይመጣል፤ ስለዚህ በጂፕኒ ሁለት ፌርማታ ተጉዛ፣ ከገበያው ጀርባ ካለች፣ የት እንደምትሠራ ከማታውቅ ባለሱቅ ትሸምታለች። ባለሱቋ ወፍራም፣ ለፍላፊ፣ ከደረቅ ዓሣው ክምር ጀርባ ማራገቢያዋን ይዛ የማትነሣ ሴት ናት።

«መጣሽ ደግሞ? ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ፣ ይሄን ሁሉ በረኪና የማንን ልብስ ነው የምታጥቢበት?»

«የራሴን።»

«ነጭ ብቻ ነው እንዴ የምትለብሺ? እንቺ፣ የሎሚ ሽታ ያለውን ውሰጂ፣ ሁለት ፔሶ ቀንሰንለታል።»

«ሽታ የሌለውን ስጪኝ።» ሽታ ያለው ቅመም ስለገባበት ጥርስ ውስጥ አይገባም፤ ይህን ለባለሱቋ ማን ያስረዳል? ሠላሳ ሁለት ፔሶ ቆጥራ ስትሰጥ ሴትዮዋ በማራገቢያዋ አፏን ከልላ ጎንበስ አለችባት። «ሰምተሻል ግን? ሞሎ ሰፈር፣ ከመድኃኒት ቤቱ ፎቅ ላይ ያለው ጥርስ ቤት፣ ረዳቲቱ መርዝ ቀላቅላ የአንዱን ምስኪን መርከበኛ ፊት አቃጥላው! ዶክተሯማ ምን ታድርግ፣ የተማረች ናት፤ ያልተማረ ሰው አጠገብሽ ካስቀመጥሽ እንዲህ ነው።» ቴክላ ጠርሙሱን በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከተተች። እኔ ነኝ ብትል ጉድ ነው፣ አይደለችም ብትል በምን አውቀሽ ልትባል ነው። «ወሬ አያልቅም» ብላ ብቻ ወጣች። ወሬው ገና አንድ ቀን ሳይሞላው ገበያውን አልፎ ሄዷል፤ ነገ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል፣ ከነገ ወዲያ የእህቷ ልጆች ትምህርት ቤት። ፀሐዩ አናቷን ይበሳል፣ ጃንጥላዋን መዘርጋቷን እንኳ ረሳችው።

ምሳ የሚበሉት ጓዳው ውስጥ፣ ከመቀቀያው አጠገብ ባለችው ታጣፊ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቴክላ ጠዋት ከቤት ያመጣችው ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ፣ ትናንት የተረፈው፣ ጃክፍሩት ከሚባለው ፍሬ የተሠራ ወጥ። ማራገቢያው ፊቱን ወዲያና ወዲህ ያዞራል፤ ወደ ኖርሚታ ሲዞር ፀጉሯን ያነሣል፣ ወደ ቴክላ ሲዞር የወረቀት መሀረቧን።  ኖርሚታ ዓሣውን ከአጥንቱ እየለየች ሳትበላው በሳህኑ ጠርዝ ላይ ከመረችው። በልጅነቷም እንዲህ ነበረች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ እናታቸው ስትሞት የቴክላ እጅ ላይ ነው የወደቀችው፣ ጥፋት ያጠፋች ዕለት ምግብ ትበትናለች እንጂ አትጎርስም። ቴክላ ይህን ክምር ስታይ ገና ከመባሉ በፊት ምን ሊባል እንደሆነ ገባት።

«ጠዋት ሰምተሽኛል» አለች ኖርሚታ።

«ሰምቻለሁ።»

«ማናንግ፣ ነገሩን እይው። እኔ ነኝ ካልኩ ፈቃዴን ይነጥቁኛል። ክሊኒኩ ይዘጋል፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይወጣሉ፣ አንቺም እኔም እንበተናለን። አንቺ ነሽ ከተባለ ግን ቀበሌው ይመክርሻል፣ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ፣ የሕክምናውን እኔ እችላለሁ፣ አለቀ። አንቺ የሚነጠቅ ፈቃድ የለሽም።»

«የለኝም» አለች ቴክላ። የገበያዋ ሴትዮ ማራገቢያ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። ስሜስ? ልትል ነበር። ስሜን ከየት ነው የምትመልሺልኝ? ልትል ነበር።  ግን ደግሞ ልጆቹ አሉ፤ ትልቋ በቀደም አዲስ የደንብ ልብስ ለብሳ መስታወት ፊት ስትሽከረከር ያየቻት ራሷ ናት። «ጠርሙሱን ይዤ ልምጣ?» ብላ ጠየቀች። ይህን ማለቷ እሺ ማለቷ ነው፤ ኖርሚታም ገባት። የተከመረውን ዓሣ በአንድ ጉርሻ ዋጠችው።

መንገድ ላይ ኖርሚታ ለይቅርታ ባዶ እጅ አይኬድም ብላ አንድ ትልቅ ካርቶን ቢስኮቾ ገዛች፤ በቅቤና በስኳር ተለውሶ የደረቀ፣ ሲነክሱት እንደ ጠጠር የሚንኮሻኮሽ የኢሎኢሎ ዳቦ። «ሚታ፣ ልጁ እኮ ማኘክ አይችልም» አለቻት ቴክላ። ከክሊኒክ ሲወጡ ዶክና እርስዎ ቀርቶ ሚታና አንቺ ይሆናል። ኖርሚታ ካርቶኑን አይታ ፊቷ ቀላ። መመለስ ደግሞ አይሆንም፤ ይዛው ገባች። የቀበሌው ቢሮ ከቅርጫት ኳስ ሜዳው ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ውስጥ የሚባለውን ሁሉ የኳሱ ድው ድው ይቆራርጠዋል። አለቃው፣ ሁሉም ካፕ የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ መነጽራቸውን ይወለውላሉ። በስተቀኝ የልጁ እናት ሶሌዳድ፣ ቁጢጥ ብላ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨብጣለች። አጠገቧ አርኔል።  ከትናንት የባሰ ነው፤ የግራ ፊቱ እስከ አንገቱ ድረስ የበለዘ፣ ዓይኑ የተዘጋ፣ ከንፈሩ ወደ አንድ ወገን የተንጋደደ። ካርቶኑን አይቶ በደህናው ዓይኑ ወደ ጣሪያ አፈጠጠ። ቢችል ይስቅ ነበር ይሆናል።

ካፕ ዴልፊን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ሁላችንም የአንድ ሰፈር ሰዎች ነን፤ ፍርድ ቤት ሳንደርስ እዚሁ እንጨርሰው። ዶክተር፣ ምንድነው የሆነው?» ኖርሚታ በክሊኒክ ድምፅዋ፣ ጥርት ባለው፣ ሰውን በሚያረጋጋው ድምፅዋ ተናገረች፤ ፈሳሹ በልኩ መበረዝ እንደነበረበት፣ ረዳቷ ሳትበርዝ እንዳቀበለቻት፣ እጅግ እንዳዘነች። ካፕ ወደ ቴክላ ዞሩ። «እውነት ነው ማናንግ?» ከሜዳው ኳሱ ድው አለ፣ ልጆች ጮኹ። ቴክላ ቡናማውን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እውነት ነው። የኔ ጥፋት ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። ለመናገር ሲቀልላት ራሷም ገረማት። ካፕ ጠርሙሱን ከፍተው አሸተቱና ራሳቸውን ወደ ኋላ ወረወሩ።

«ይሄ እኮ በረኪና ነው! ሚስቴ አንሶላ የምታነጣበት!»

«ምን?» ሶሌዳድ ብድግ አለች። «በረኪና? ልጄ አፍ ውስጥ በረኪና? የኔ ልጅ ካልሲ ነው እንዴ!»

«እማማ፣ ሁሉም ሐኪም የሚጠቀመው ነው፣ በዓለም ላይ ሁሉ» አለች ኖርሚታ በችኮላ፤ «ከተበረዘ ጀርም ይገድላል እንጂ ጉዳት የለውም፣ መጽሐፉም የሚለው እሱን ነው።»

«ይቺ አልበረዘችውማ! አንቺ ሴትዮ፣ እጅሽ ይሰበር! ካልቻልሽበት ምናለ ቤትሽ ብትቀመጪ!» ቴክላ አንገቷን ደፋች። አሥራ አንድ ዓመት በየጠዋቱ የምትለካበት እጇ ጭኗ ላይ ተኝቷል፤ አይታው ዓይኗን መለሰች። ካፕ እናቲቱን በግድ አስቀመጧት፣ ውሃ አስመጡላት። ከዚያ ነገሩ ሊያልቅ ተቃረበ። ኖርሚታ የሕክምናውን ወጪ እንደምትችል ተናገረች፣ ቦርሳዋንም ከፍታ በማሽን የተጻፈ ደብዳቤ አወጣች። ወኪሉ የጠየቀው የሐኪም ማብራሪያ ነው፤ «በረዳት ስህተት ያልተበረዘ ፈሳሽ ገብቶ» ይላል። መፈረም ብቻ ነው የቀረው። ሶሌዳድ ደብዳቤውን ተቀብላ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው፤ እንደጨረሰችም ዓይኗ እንባ ሞላ።

«በቃ፣ ልጄ ቀረ» አለች። «ዛሬ ጠዋት የወኪሉን ሐኪም በስልክ አነጋግሬዋለሁ። እንዲህ አለኝ፤ የተበረዘው ፈሳሽ ከሥሩ ጫፍ ሾልኮ ወጥቶ ከሆነ በሦስት ሳምንት ይሽራል፣ የሚመጣው ወር መርከብ ላይ ቦታ እንይዝለታለን። ያልተበረዘ ከሆነ ግን አጥንቱን ሳይቀር ሊጎዳ ይችላል፣ ስድስት ወር ሳይታይ አናሳፍረውም፣ ቦታውንም ለሌላ እንሰጣለን። ደብዳቤውን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይጠብቁኛል። ለዚህች ሥራ ነው አራት ዓመት የተማረው፣ ሁለት ዓመት የወኪሉን ቢሮ እየጠረገ የጠበቀው። ስድስት ወር ማን ይጠብቀዋል?»

ቴክላ ወደ እህቷ ዞረች። ይህን ኖርሚታም አሁን ገና መስማቷ ነው፤ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። አሁን ትናገራለች፣ አለች ቴክላ በሆዷ። አሁን፣ ይሄው፣ አፏን ልትከፍት ነው። ኖርሚታ የቢስኮቾውን ካርቶን ገመድ በጣቷ እየጠቀለለች ትፈታለች። ከማዶ ኳሱ ድው፣ ድው ይላል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥር ከሩብ ነው። ካፕ እስክሪብቷቸውን ከፍተው አቀበሏት፣ «እንግዲህ ይፈርሙበት ዶክተር፣ ቢያንስ ወረቀት ይኑረው» አሏት። ኖርሚታ እስክሪብቶውን ተቀበለች።  ስሟን ሰጥታለች፣ እሺ፣ ስሟ የራሷ ነው፤ የዚህን ልጅ መርከብ ግን ማን ፈቀደላት? እስክሪብቶው ወረቀቱን ሲነካ ቴክላ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ዋሽቻለሁ» አለች። «ተበርዟል። ግማሽ በግማሽ ነው። ይሄው መስመሩ፣ ጠርሙሱ ላይ እዩት። አጥንቱን የሚነካ ነገር አልገባበትም።»

«ማናንግ፣ ተይ።»

«መርፌው ነው የነከሰው። ቦዩ ውስጥ ተቀርቅሮ ሳለ ተገፍቶ ነው በሥሩ የወጣው። ሚታ፣ ንገሪያቸው እንጂ!»

ካፕ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቆይ፣ ቆይ። አሁን እኔ ነኝ አላሉም እንዴ? የቱን ነው መዝገብ ላይ የምጽፈው?» ኖርሚታ ዕድሉን አገኘች፤ ድምፅዋ ግን የክሊኒኩ ድምፅ አልነበረም። «ፈርታ ነው ካፕ። የእናቲቱን ቁጣ ስታይ ደነገጠች። እሷ ምን ታውቃለች፣ መርፌው የነበረው እኔ እጅ ላይ ነው።» ሶሌዳድ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ታያለች፤ የቱን እንደምታምን ግራ ገብቷታል፣ የቱን ማመን እንደምትፈልግ ግን ያስታውቃል። ይህን ጊዜ አርኔል እጁን አነሣ፣ እንደ ተማሪ። በተንጋደደ ከንፈሩ ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተተ ተናገረ።

«ቀስ ይበሉ፣ መርፌው ነክሷል ብላታለች። ሰምቻለሁ። አፌ ነው እንጂ የተከፈተው፣ ጆሮዬ አልተዘጋም።»

ለካስ ወንበሩ ላይ የተኛ ሰው ይሰማል። ይህን ሁሉ ዓመት ሁለቱ እህቶች በታካሚው አናት ላይ ሆነው ስለ ጎረቤት፣ ስለ ሩዝ ዋጋ፣ ስለ ኖርሚታ ባል ሲያወሩ ኖረዋል፤ አንድም ቀን ከሥራቸው ያለው ሰው ጆሮ እንዳለው ትዝ ብሏቸው አያውቅም። ኖርሚታ ልጁን አየችው። ትናንትም ዛሬም ሸሽታው ነበር፤ አሁን የበለዘውን ጉንጩን፣ የተዘጋውን ዓይኑን፣ እስከ አንገቱ የወረደውን ሰማያዊ ሁሉ እንደ ሐኪም አንድ በአንድ አየችው። በማሽን የተጻፈውን ደብዳቤ ሁለት ቦታ ቀደደችው። «ወረቀት አለ?» አለች። ካፕ ከመዝገባቸው ጀርባ አንድ ባዶ ገጽ ገንጥለው ሰጧት። ጎንበስ ብላ በእጇ ጻፈች፤ ቀኑን፣ ጥርሱን፣ የፈሳሹን ልክ፣ ግማሽ በግማሽ፣ መርፌው መቀርቀሩን፣ የገፋችውም ራሷ መሆኗን። «እኔ» የሚለው ቃል ላይ ቆም ብላ ደጋግማ ስትጽፍበት እስክሪብቶው ወረቀቱን በሳው። ፈረመችና የፈቃዷን ቁጥር ከሥሩ አሰፈረች። ስትነሣ ቴክላ ብቻ እንድትሰማ አድርጋ፣ «ጨረስሽኝ» አለቻት።

ቴክላ ቡናማውን ጠርሙስ ከድና ያዘች። እፎይ ማለት ፈልጋ ነበር፤ ስሟን አስመልሳለች፣ የልጁንም መርከብ አትርፋለች፣ የእህቷን ክሊኒክ ግን ምን እንደሚጠብቀው አታውቅም።  ሶሌዳድ ደብዳቤውን አንብባ፣ አጣጥፋ፣ በላስቲክ ከረጢት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ክሱን ምን እንደምታደርገው ካፕ ሲጠይቋት፣ «ልጄ ይሳፈርና እናያለን፤ አሁን ቢሮው ይዘጋብኛል» አለቻቸው። አርኔልን በክንዱ ይዛ በሩ ጋ ደረሰች። እዚያ ቆም አለች፤ ወደ ቴክላ ዞረች። የቅድሙ ቁጣ ፊቷ ላይ አልነበረም።

«አንቺ ሴትዮ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። ካላጠፋሽ መጀመሪያ እኔ ነኝ ያልሽው ለምንድነው?»

«እህቴ ናት» አለች ቴክላ።

«እሱም ልጄ ነው።»

 ሶሌዳድ ልጇን ይዛ እየሮጠች ወደ ጂፕኒው ሄደች።